ኦፒ የሆነ ፖኬሞን እንዴት ይለያል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፖኬሞን ፍልሚያ (ተጫዋቾች ፖኬሞን የሚባሉ ፍጡራንን በቡድን የሚያጋጥሙበት የቪዲዮ ጨዋታ) ውስጥ ትንሽ የቆየ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ይሄ ነገርማ መታገድ አለበት!» ብሎ ያውቃል። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚያናግረው ንዴት ነው። ይህ ገጽ ሁለቱን ለመለየት ይረዳል። በዋናነት የምናወራው ስድስት ለስድስት ሆኖ፣ ሜዳ ላይ አንድ በአንድ ስለሚገጠምበት፣ ስሞጎን የተባለው የተጫዋቾች ማኅበረሰብ ሕግ ስላወጣለት ጨዋታ ነው። ስለ ይፋዊው ውድድርም ዝቅ ብሎ ታገኛላችሁ።

«ኦፒ» ሲባል «ጠንካራ» ከማለት በምን ይለያል?

ጠንካራ ፖኬሞን ቡድናችሁ ውስጥ ቢኖር የሚጠቅማችሁ ነው። ኦፒ (ኦቨርፓወርድ፣ ከልክ ያለፈ ኃይል ያለው) የምንለው ደግሞ ተጋጣሚውን መላ የሚያሳጣውን ነው። ስለዚህ ስትመዝኑ ዓይናችሁን ከፖኬሞኑ አንሡና ፊቱ የቆመውን ሰው ተመልከቱ። ያ ፖኬሞን ሜዳ ሲገባ ተጋጣሚው ስንት ደህና አማራጭ ይቀረዋል? ሁለት ሦስት ካለው ጨዋታው አለ ማለት ነው። አንድ ብቻ ካለው፣ ያውም «እንዲህ ቢያደርግ» በሚል ግምት ላይ የቆመ ከሆነ፣ ችግር አለ። ጭራሽ ምንም ከሌለው ክርክሩ አለቀ። እኔ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ የሚነሡት ከዚሁ ነው።

የስታቱ ድምር ከፍ ያለ ሁሉ ኦፒ ነው?

አይደለም። ስታት የሚባሉት የፖኬሞኑ መለኪያ ቁጥሮች፣ ማለትም ኤችፒ (ጤና)፣ አታክ (የምት ኃይል)፣ ዲፌንስ (መከላከያ)፣ ስፔሻል አታክ፣ ስፔሻል ዲፌንስና ስፒድ (ፍጥነት)፣ ተደምረው የሚሰጡት ቁጥር መነሻ ብቻ ነው።

ስሌኪንግን እንይ። ድምሩ 670 ነው፤ ከሜውቱ የሚያንሰው በ10 ብቻ ነው። አታኩ 160 ነው። ነገር ግን ትሩአንት የሚባል አቢሊቲ (ሁልጊዜ በራሱ የሚሠራ ባሕርይ) አለው፤ አንድ ተራ ይመታል፣ በቀጣዩ ተራ ቁጭ ይላል። ቁጭ ባለበት ተራ ተጋጣሚው የፈለገውን ያደርጋል። ሬጂጊጋስም ድምሩ 670 ነው። እሱ ደግሞ ሜዳ በገባ ቁጥር ለአምስት ተራ አታኩና ስፒዱ በግማሽ ይቀነሳል። ሁለቱም ዕድሜያቸውን የገፉት በታችኞቹ ደረጃዎች ነው።

አሁን ዋቡፌትን ተመልከቱ። ድምሩ 405 ነው። አታኩም ስፔሻል አታኩም 33። በራሱ ተነሥቶ የሚመታበት ሙቭ (በተራው የሚጠቀምበት ጥቃት ወይም ዘዴ) እንኳ የለውም። ሆኖም በ3ኛውና በ4ኛው ትውልድ (የጨዋታው ተከታታይ እትሞች) ታግዶ ከነሜውቱ ጋር ኡበርስ፣ ማለትም የታገዱት የሚሰበሰቡበት ደረጃ ውስጥ ነበር። ምክንያቱ ሻዶ ታግ ነው። ይህ አቢሊቲ ፊቱ የቆመ ፖኬሞን ተቀይሮ እንዳይወጣ ያደርጋል። ዋቡፌት መጀመሪያ ኢንኮር ብሎ ያንኑ ሙቭ እንድትደጋግሙ ያስገድዳችኋል። የምትደጋግሙት መምቻ ከሆነ በካውንተር ወይም በሚረር ኮት እጥፍ አድርጎ ይመልስላችኋል። የማይጎዳ ሙቭ ከሆነ ደግሞ እሱ ይወጣና ጓደኛው በነፃ ገብቶ ስታቱን ከፍ ከፍ ያደርጋል። እናንተ ቆማችሁ ታያላችሁ። በዚህ መሀል የምትወስኑት አንድም ነገር የለም። ለዚህ ነው የታገደው።

ታዲያ ስታቱ ካልሆነ ምኑን ልይ?

አቢሊቲ፣ ሙቭ፣ ታይፕ (እንደ ውሃ፣ እሳት ያለው ዓይነት) እና ስፒድ እንዴት እንደተገጣጠሙ ነው። ለየብቻቸው ደህና የሆኑ ነገሮች ሲገናኙ ጉድ ይፈላል። ለዚህ ከድራኮቪሽ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ድራኮቪሽ የመጣው በ2019 ሶርድ እና ሺልድ ሲወጣ ነው። አታኩ 90 ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ፊሺየስ ሬንድ የሚባል የውሃ ሙቭ አለው፣ ኃይሉ 85። ግን ቀድሞ ከመታ፣ ወይም ተጋጣሚው በዚያው ተራ ሌላ ፖኬሞን ቀይሮ ካስገባ፣ ኃይሉ እጥፍ ሆኖ 170 ይገባል። ስትሮንግ ጆ የሚባለው አቢሊቲው ለንክሻ ሙቮች ግማሽ ይጨምራል፤ 255 ሆነ። የራሱ ታይፕ ስለሆነ ሌላ ግማሽ ይጨመራል፤ 382 አለፈ። ለማነጻጸር ያህል፣ ሀይድሮ ፓምፕ በውሃ ፖኬሞን እጅ 165 ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ቾይስ ባንድ የሚባለውን ዕቃ ካስያዛችሁት አታኩ እንደገና በግማሽ ያድጋል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ውሃን በግማሽ የሚቀበሉ ግንብ የሚባሉ ፖኬሞኖች እንኳ ብዙ ጊዜ ሁለት ምት አይችሉም ነበር። መቀየርም መፍትሔ አልሆነም፤ ስትቀይሩ ነው ሙቩ እጥፍ የሚሆነው። የቀረው መንገድ ውሃ ጨርሶ የማይነካው ፖኬሞን ማምጣት ነበር፤ ለምሳሌ ስቶርም ድሬን የሚባል አቢሊቲ ያለውን ጋስትሮዶን። ቡድን ስትሠሩ «ለድራኮቪሽ ምን አለኝ?» ብላችሁ ካልጀመራችሁ አለቀላችሁ ማለት ነበር። በ2020 ታገደ። እኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ባይ ነኝ።

ስፒድ ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

ቀድሞ መትቶ የጣለ ሰው አይመታም። የሚገርመው ልዩነቱ ኢምንት ሆኖ ጨዋታ መቀየሩ ነው።

በ4ኛው ትውልድ ብዙ ኃይለኛ ፖኬሞኖች ስፒዳቸው ልክ 100 ላይ ነበር፦ ሳላመንስ፣ ጂራቺ፣ ሴለቢ፣ ዛፕዶስ፣ ፍላይገን። የጋርቾምፕ 102 ነው። ሌቭል 100 ላይ፣ ሙሉ ኢቪ (በሥልጠና የሚገኝ የስታት ጭማሪ) እና ስፒድ የሚጨምር ኔቸር (ጠባይ) ከተሰጣቸው የነዚያ ስፒድ 328 ይሆናል። የጋርቾምፕ 333። በአምስት ነጥብ ብቻ እነዚያን ሁሉ ይቀድማቸዋል።

ቀድሞ ደግሞ ምን ያደርጋል? አውትሬጅ በዚያ ትውልድ ኃይሉ ወደ 120 ከፍ ብሎ ነበር። ድራገንን የሚቋቋመው በዚያን ጊዜ ስቲል ታይፕ ብቻ ነበር፤ ስቲልን ደግሞ ኧርዝኩዌክ ይፈጀዋል። ሁለቱንም ተቋቁመው የሚቆሙት እንደ ስካርሞሪና ብሮንዞንግ ያሉ ጥቂቶች ነበሩ። እነሱን የእሳት ሙቭ ይጥላቸዋል፤ ጋርቾምፕ እሱንም መማር ይችላል። በበረዶ እጥፍ እጥፍ ይጎዳል ብላችሁ ብትመጡ የበረዶን ምት የሚያለዝብ ያቼ ቤሪ ይዞ ይጠብቃችኋል። በአሸዋ አውሎ ነፋስ ውስጥ ሳንድ ቬይል ምታችሁን ያስታል። እያንዳንዱ መልስ ሌላ መልስ ነበረው። ለዚህ ነው ታዋቂ አፈ ታሪካዊ ፖኬሞን ሳይሆን፣ ማንም በተራ ጨዋታ የሚያሳድገው ድራገን የታገደው።

ብሌዚከን ሌላው ነው። ለዓመታት በኦዩ (በስሞጎን ዋናው የጨዋታ ደረጃ) ብዙም የሚፈለግ አልነበረም። በ5ኛው ትውልድ ስፒድ ቡስት አገኘ፤ በየተራው መጨረሻ ስፒዱ በራሱ ይጨምራል። ስፒድ የሚጨምር ኔቸር ሳይሰጠው 259 ነው። የመጀመሪያውን ተራ ፕሮቴክት ብሎ ምንም ሳይነካ ያልፋል፤ 388 ይሆናል። ጋርቾምፕን አለፈ ማለት ነው። አንድ ተራ ሶርድስ ዳንስ ሲል ደግሞ 518 ይደርሳል፣ አታኩም እጥፍ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ፋታ የለም። ድምሩ 530 ብቻ የሆነ ፖኬሞን በአንድ አቢሊቲ ብቻ ኡበርስ ገባ።

ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ከሆነ ኦፒ ነው ማለት አይደለም?

ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የአጠቃቀም ቁጥር የሚያገለግለው ደረጃ ለመመደብ ነው። ኦዩ ለመባል አንድ ፖኬሞን ከ4.52 በመቶ በላይ በሆኑ ቡድኖች ውስጥ መታየት አለበት። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ 15 ጨዋታ ብትጫወቱ ያንን ፖኬሞን ቢያንስ አንድ ጊዜ የማግኘት ዕድላችሁ ግማሽ በግማሽ የሚሆንበት ልክ ነው። ከዚያ በታች ያለው ወደ ዩዩ ይወርዳል፣ ከዚያም አርዩ፣ ኤንዩ፣ ፒዩ እያለ ይቀጥላል።

እገዳ ግን በአጠቃቀም አይወሰንም። ላንዶረስ ቴሪያን በ6ኛው፣ በ7ኛውና በ8ኛው ትውልድ ከቡድን የማይጠፋ ፖኬሞን ነበር። ኢንቲሚዴት (የተጋጣሚን አታክ የሚቀንስ አቢሊቲ) አለው፣ ኤሌክትሪክም መሬትም አይነኩትም፣ ስቴልዝ ሮክ (ሜዳ የሚገባውን የሚጎዳ ድንጋይ) ያስቀምጣል፣ ዩ ተርን ብሎ መትቶ ይወጣል። ለማንኛውም ቡድን ይመቻል። ግን ፊቱ ስትቆሙ መላ አይጠፋችሁም። የበረዶ ሙቭ በአራት እጥፍ ይመታዋል፤ የውሃ ፖኬሞኖችም ያስቸግሩታል። ብዙ ሰው የያዘው ስለሚጠቅም ነው። ተጋጣሚን አላፈነም፣ አልታገደምም።

የተገላቢጦሹም እውነት ነው። ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት ፖኬሞን ሊታገድ ይችላል፤ በተለይ አያያዙ ያልተለመደ ሆኖ የሚያውቁበት ሰዎች ሁልጊዜ የሚያሸንፉበት ከሆነ።

የሚያግደው ማን ነው? ድርጅቱ ነው?

አይደለም። ስሞጎን በ2004 የተጀመረ የተጫዋቾች ማኅበረሰብ ነው። ጨዋታውን ከሚሠራው ድርጅት ጋር የሥልጣን ግንኙነት የለውም። ለእያንዳንዱ ደረጃ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ያሉበት ካውንስል አለ። አንድ ነገር ዓይን ያወጣ ከሆነ ካውንስሉ ራሱ በፍጥነት ያግደዋል። አዲስ ጨዋታ በወጣ ሰሞን ይህ ይበዛል። ስካርሌት እና ቫዮሌት በኅዳር 2022 እንደወጣ በሳምንታት ውስጥ ፍላተር ሜን እና አይረን በንድል የወጡት በዚህ መንገድ ነው።

አከራካሪ የሆነው ግን ወደ ሱስፔክት ቴስት ይሄዳል። ተጫዋቾች በላደሩ (በተጫዋቾች የነጥብ ሰንጠረዥ) ላይ ተጫውተው የተቀመጠውን ውጤት ማምጣት አለባቸው። ያንን ያመጣ ብቻ ድምፅ ይሰጣል። ለማገድ 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ለምን 50 አልሆነም? እገዳ የብዙ ሰዎችን ቡድን ስለሚያፈርስ በአንድ ድምፅ ልዩነት ባይወሰን ይሻላል። እኔ ይህን ሕግ እወደዋለሁ። የሚጮኸው ሰው ሳይሆን ተቀምጦ የተጫወተው ሰው ይወስናል።

ፖኬሞኑን ትቶ ያስቸገረውን አቢሊቲ ወይም ሙቭ ብቻ ማገድ አይቻልም?

ይቻላል፣ ግን በጥንቃቄ ነው። እያንዳንዱን ፖኬሞን «ያንን ሙቭ ካልያዘ ይፈቀድ» እያልን ከሄድን ሕጉ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ልማዱ ፖኬሞኑን ማገድ ነው። ነገሩ ራሱ በማንም እጅ ቢገባ ጨዋታ የሚያበላሽ ሲሆን ግን እሱው ይታገዳል።

ሃውንድስቶን ጥሩ ማሳያ ነው። ላስት ሪስፔክትስ የሚባለው ሙቩ ኃይሉ 50 ነው፤ ከቡድኑ አንድ በወደቀ ቁጥር 50 ይጨመርበታል። አምስቱ ካለቁ 300። ማለትም እየተሸነፋችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ወደ ማሸነፍ ትቀርባላችሁ። መጀመሪያ የታገደው ሃውንድስቶን ነበር። በኋላ ይህን ሙቭ የሚማረው ባስኩሌጊየን ሲመጣ ችግሩ ሙቩ መሆኑ ግልጽ ሆነ። ሙቩ ታገደ፣ ሃውንድስቶን ተለቀቀ። ያለዚያ ሙቭ ማንም አይፈራውም።

በዕድል የሚያሸንፉ ነገሮችስ?

እነሱ ለብቻቸው ይታያሉ። ደብል ቲም እየደጋገሙ መሰወር፣ በአንድ ምት የሚገድሉ ሙቮች፣ በየተራው አንድ ስታት በዘፈቀደ የሚያሳድገው ሙዲ፦ እነዚህ ብዙ ጊዜ አያሸንፉም ይሆናል። የታገዱት ውጤቱን ከተጫዋቹ እጅ አውጥተው ለዕጣ ስለሚሰጡ ነው። እዚህ ላይ ከኃይል ጋር ማምታታት አያስፈልግም።

ኡበርስ የታገዱት ማጠራቀሚያ ከሆነ፣ ከኡበርስ የታገደ አለ?

አለ። ሜጋ ሬይኳዛ፤ ሬይኳዛ በፍልሚያ መሀል «ሜጋ» የሚባለውን የበለጠ ኃይለኛ መልኩን ሲይዝ ማለት ነው። ድምሩ 780 ነው። ሌሎቹ ሜጋዎች ድንጋይ መያዝ ግድ ሲሆንባቸው እሱ ድራገን አሴንት የሚባለውን ሙቭ ማወቁ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ሌላ ዕቃ ይይዛል። በእሱ ምክንያት ምንም የማይታገድበት «ኤኒቲንግ ጎውስ» የሚባል ደረጃ ተፈጠረ።

ይህን ያህል ከባድ ከሆኑ በይፋዊው ውድድር ለምን ይፈቀዳሉ?

ጨዋታው ሌላ ስለሆነ ነው። ይፋዊው ውድድር፣ ቪጂሲ የሚባለው፣ ሁለት በሁለት ነው። ስድስት ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ አራቱን መርጣችሁ ትገባላችሁ፣ ሁሉም ሌቭል 50 ይሆናል። ሁለት ሆናችሁ አንዱን መረባረብ ትችላላችሁ። ፌክ አውት ብላችሁ አንዱን ታስቆማላችሁ። ፎሎው ሚ ብላችሁ ምቱን ወደ ሌላ ትስባላችሁ። ስድስት ለስድስት ላይ መልስ የሌለው ፖኬሞን እዚያ ብዙ መልስ ያገኛል። ፍላተር ሜን በኦዩ በሳምንታት ውስጥ ሲታገድ፣ በቪጂሲ ግን ሰው ለምዶት ተጫወተበት።

ስለዚህ አንድ ፖኬሞን «ኦፒ ነው» ከማለታችሁ በፊት የትኛው ፎርማት ላይ እንደሆነ ተናገሩ። ያለዚያ ሁለት ሰዎች ስለተለያየ ጨዋታ እየተከራከሩ ያመሻሉ።

የ2014ቱ የዓለም ሻምፒዮና ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ የተደረገውን ውድድር ያሸነፈው ደቡብ ኮሪያዊው ሴጁን ፓርክ ቡድኑ ውስጥ ፓቺሪሱን ይዞ ነበር። ድምሩ 405 የሆነች ትንሽ ኤሌክትሪክ ሽኮኮ መሳይ ፖኬሞን ናት። ማንም አልጠበቃትም። ሥራዋ ፎሎው ሚ ብላ ለጓደኛዋ የታሰበውን ምት መቀበል ነበር። ኤሌክትሪክ ቢመታት በቮልት አብዞርብ ጭራሽ ትድናለች። በፍጻሜው የሳላመንስን ድራኮ ሜቴዎር ተቀብላ ቆመች። በዚያን ዘመን ሁሉም የሚፈራው ሜጋ ካንጋስካንን ነበር።

ሜጋ ካንጋስካን ምን ነበረው?

ፔረንታል ቦንድ። እናትና ልጅ ሆነው ይመታሉ፤ በ6ኛው ትውልድ የልጇ ምት የእናትን ግማሽ ነበር። ግማሽ ተጨማሪ ጉዳት በራሱ ብዙ ነው። የከፋው ግን ፓወር አፕ ፓንች ሲጨመር ነው። ይህ ሙቭ መትቶ አታክ ያሳድጋል። ሁለት ጊዜ ስለሚመታ ሁለት ደረጃ ያድጋል። ማለትም ሌላው አንድ ሙሉ ተራ ሰጥቶ ሶርድስ ዳንስ የሚልበትን እሷ እየመታች ታገኘዋለች። በኦዩ ወዲያው ታገደች።

የታገደ ፖኬሞን ይመለሳል?

አዎ፣ በሁለት መንገድ። አንዱ ዙሪያው ሲቀየር ነው። በ2013 ኤክስ እና ዋይ ሲወጣ ፌሪ የሚባል ታይፕ መጣ፤ ድራገን ጨርሶ አይነካውም። ጋርቾምፕ እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፍኖ አውትሬጅ ማለት አልቻለም። ከዚያ በኋላ በኦዩ የተከበረ፣ ግን ማንንም የማያንገሸግሽ ፖኬሞን ሆነ።

ሁለተኛው የጨዋታው ሠሪዎች ራሳቸው ሲቀንሱት ነው። ኤጂስላሽ 150 የነበሩት ስታቶቹ በ2019 ወደ 140 ወረዱ፤ ኪንግስ ሺልድ የሚባለው መከላከያ ሙቩም የሚቀንሰው የተጋጣሚ አታክ ከሁለት ደረጃ ወደ አንድ ሆነ። የካንጋስካን ልጅ ምት በ7ኛው ትውልድ ከግማሽ ወደ ሩብ ወረደ፤ ለእሷ ግን ያም አልበቃም፣ በኦዩ እንደታገደች ቀረች።

እኔ ራሴ አንድን ፖኬሞን እንዴት ልመዝን?

ከተሸነፋችሁ በኋላ ወዲያው አትፍረዱ። ሪፕሌዩን (የተቀረጸውን ጨዋታ) ክፈቱና ወደ ኋላ ሂዱ። ያ ፖኬሞን መጀመሪያ ሜዳ የገባው እንዴት ነው? እናንተ በነፃ አስገብታችሁት ነው ወይስ ምት ተቀብሎ ገባ? ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው እዚያች ተራ ላይ ነው። በነፃ የገባ ኃይለኛ ፖኬሞን ሁሉ ኦፒ ይመስላል።

ቀጥሎ ዳሜጅ ካልኩሌተር (የምት ጉዳት ማስያ) ክፈቱ። እያንዳንዱ ምት ከ85 እስከ 100 በመቶ ባለው መካከል ይዋልላል፤ ስለዚህ «አንድ ጊዜ ገደለኝ» ማስረጃ አይሆንም። በዝቅተኛውም ይገድላል ወይ? የሚለውን እዩ።

ከዚያ ሦስት መልሶችን ጻፉ፤ በወረቀት ይሁን በስልክ። ምቱን ተቀብሎ የሚገባ ማን አለ? ቀድሞ የሚገድለው ማን አለ? እነዚያ መልሶች ሌላ ጨዋታ ላይስ ይጠቅማሉ ወይ? ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ነው። መልሱ ለዚያ አንድ ፖኬሞን ብቻ የምታመጡት፣ በቀረው ጨዋታ ሁሉ ሸክም የሚሆን ከሆነ፣ ያኔ በእርግጥ ስለ እገዳ ማውራት ይቻላል።

በመጨረሻ ራሳችሁ ያዙት። የፈራችሁትን ፖኬሞን ይዛችሁ ላደር ላይ ውጡ። ሰዎች እንዴት እንደሚያስቆሙት ታያላችሁ። ወይም ማንም እንደማያስቆመው።

የምወደው ፖኬሞን ደካማ ነው። ልተወው?

አትተዉት። ደረጃዎቹ የተሠሩት ለዚህ ነው። ወደ ኤንዩ ወይም ፒዩ ውረዱ፤ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል።

ኮንሶል የለኝም። መሞከር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ፖኬሞን ሾውዳውን በብራውዘር ነው የሚሠራው፣ በስልክም ይሆናል፣ ክፍያ የለውም። ፖኬሞን ማሳደግ አያስፈልግም፤ ሙቩን፣ ኢቪውንና ዕቃውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ወዲያው ትገባላችሁ። ቡድን መሥራት ገና ከሆናችሁ ራንደም ባትል ጀምሩ፤ ቡድኑን እሱ ይሰጣችኋል፣ እናንተ መጫወት ብቻ ነው። ኔትወርክ ቢቆራረጥ ተመልሳችሁ ገብታችሁ መቀጠል ይቻላል፤ ተጋጣሚው ሰዓት ካስጀመረ ግን ሰዓቱ ስለማይጠብቃችሁ ቶሎ ተመለሱ። ጨዋታው ሲያልቅ ሪፕሌዩን አስቀምጡ።